አሳንሰሩ ይሠራል ወይ?

ጎረቤቴን ሰው ሁሉ ነጥብ ዘጠኝ ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት የድሮ መሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች ናቸው። ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ገና ያላለቀውን ሥራ ዜሮ ነጥብ አንድ፣ ዜሮ ነጥብ ሁለት እያሉ ይጠሩታል፤ ለሰው የሚሰጥበት ቀን ሲደርስ ደግሞ ስሪት አንድ ይሉታል። የእሱ ሥራ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ላይ ይደርስና እዚያው ይከርማል። ስሪት አንድን ግን በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም። እንደ እሱ አንገቱን ደፍቶ የሚሠራ ሰው አላየሁም። ችግሩ ማለቂያው ላይ ነው። ሥራው ሊጠናቀቅ ሲቃረብ፣ እንግዳ በር ላይ ቆሞ ሳለ ቤቱ እንዳልተጠረገ ትዝ እንዳለው ሰው ይደነግጣል። አንድ መስመር የተንጋደደ ይመስለዋል፤ አንድ ቀለም ይደበዝዝበታል። «ይህንንማ ይዤ ሰው ፊት አልቀርብም» ይልና ያንን መስመር አቃናለሁ ሲል ሌላ አምስት ያጣምማል።

የሚያስቀው፣ ትንሽ ሠርቶ ቶሎ ስለማውጣት ከእሱ የተሻለ የሚያስተምር አልነበረም። ይሠራበት በነበረው የኢንሹራንስ ኩባንያ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ነጭ ሰሌዳ ፊት ይቆምና፦ «አንድ ችግር ምረጡ። ለዚያ ችግር የምትበቃዋን ትንሽ ነገር ብቻ ሥሩ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ለሰው ስጡ። የጎደለውን ሰው ራሱ ይነግራችኋል» ይል ነበር። አዲሶቹ ምክሩን ሰምተው እንዳላቸው አደረጉ፤ ትንሽ ትንሽ ነገር እየሠሩ አወጡ፤ አንድ በአንድ አለቆቹ ሆኑ። እሱም ከልቡ እንኳን ደስ አላችሁ ይላቸው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ቶሎ ማውጣትን የሚመራ አንድ ትልቅ ዕቅድ እየጻፈ ነበር። መግቢያው ጥሩ ነበር አሉ፤ አላለቀም እንጂ።

የምንኖርበት ሕንፃ አሥራ ሁለት ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ ግን አንድ። እኔ ስድስተኛው ላይ ነኝ፣ የሒሳብ አስተማሪ። ነጥብ ዘጠኝ ከባለቤቱ ጋር አሥረኛው ላይ ይኖራል። አሳንሰሩ ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲያኮርፍ ይቆማል። በሩ ግማሽ ድረስ ይዘጋና ሐሳቡን እንደቀየረ ሰው ተመልሶ ይከፈታል። ደረጃው ጠባብ ነው፤ በየፎቁ ብስክሌት፣ አሮጌ ወንበር፣ የአበባ ማሰሮ ተደርድሮበታል፤ ዕቃ የያዘ ሰው በጎን ካልሆነ አያልፍም።

ኩባንያው ክፍሉን ሲዘጋው ነጥብ ዘጠኝ ቤት ዋለ። እንደ ማንም ሰው ሆድ አልባሰውም፤ እንዲያውም ፊቱ ፈካ። «አሁን የራሴን ነገር እሠራለሁ» አለ። የራሱ ነገር «ሙሉ ጎረቤት» የሚባል ነው፤ በአንድ ሕንፃ የሚኖር ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ቦታ የሚይዝ መተግበሪያ። የጥገና ጥያቄ፣ የስብሰባ ጥሪ፣ የድምፅ አሰጣጥ፣ የጠፋ ድመት ማፈላለጊያ፣ ልብስ የማስጫ ተራ፣ የሚንኳኳ ግድግዳ አቤቱታ፣ ምኑ ቅጡ። እያንዳንዱን ሐሳብ በቀለም ወረቀት እየጻፈ የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ግድግዳው ሲሞላ ወደ ቁም ሣጥኑ ተሻገረ። ባለቤቱ ጠዋት የቁም ሣጥኑን በር ስትከፍት «የተጠቃሚ ምዝገባ» ተነቅሎ ጫማዋ ውስጥ ይገባል።

ባለቤቱ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ የምታነሣ ባለሙያ ናት። ቀኑን ሙሉ ሰውን «አይንቀሳቀሱ፣ አይተንፍሱ» ስትል ውላ ትመጣለች፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ትዕግሥቷ ረጅም የሆነው። ግን መጨረሻ አለው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሥራ ወጥታ፣ ገበያ ገብታ፣ ድንችና የልብስ ሳሙና በሁለት እጇ አንጠልጥላ መጣች። አሳንሰሩ ቆሟል። አሥር ፎቅ በእግሯ ወጣች። ቤት ስትገባ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ኮሪደሩ ላይ መሬት ቁጭ አለች። ድንቹ ከከረጢቱ እየወጣ ተንከባለለ።

«ምን ሆነሽ?» አለ ነጥብ ዘጠኝ ከመኝታ ቤት ብቅ ብሎ።

«አሳንሰሩ።»

«እሱ እኮ ታስቦበታል!» ደስ አለው። «ጥገና የሚለው ክፍል ሥር ነው። ሰማያዊው ወረቀት። ጥያቄ ታስገቢያለሽ፣ ቁጥር ይሰጥሻል፣ ከዚያ...»

«ስማኝ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ እንደዚህ ስትናገር እንደሚያስፈራ እሱ ያውቃል። «ቁጥር አልፈልግም። ገበያው ውስጥ እያለሁ አሳንሰሩ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ብቻ ባውቅ ኖሮ ድንቹን ነገ እገዛው ነበር። በቃ። ይሠራል፣ አይሠራም። ይህችን መሥራት ትችላለህ?»

«እሱማ የግማሽ ቀን ሥራ ነው» አለ፣ እንደ መናቅ ብሎ።

«እሺ። ግማሽ ቀን ሰጥቼሃለሁ።»

በማግስቱ ዕረፍቷ ነበርና ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ ዕቅዱን ዘረዘረ። ሰዎች ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን አስገብተው ይገባሉ።

«ለምን?» አለች። «አሳንሰሩ መሥራቱ ምሥጢር ነው?»

የይለፍ ቃሉን ሰረዘ። በዚህ ወር ስንት ጊዜ እንደተበላሸ የሚያሳይ ሥዕላዊ ሰንጠረዥ።

«እኛ እግራችን ያውቀዋል።»

እሱንም ሰረዘ። በሩ ላይ የሚገጠም፣ አሳንሰሩ ሲንቀሳቀስ የሚያውቅ ሴንሰር። እዚህ ላይ ነጥብ ዘጠኝ እጁን አጣምሮ ወደ ኋላ ተደገፈ። «ይህንን መሰረዝ አይቻልም። አሳንሰሩ መቆሙን ለገጹ ማን ይነግረዋል? ሴንሰሩን ማዘዝ አለብኝ፤ እስኪመጣ ደግሞ...»

«እናቴ ትነግረዋለች።»

«እናትሽ?»

«በሯ ከአሳንሰሩ ጋር ፊት ለፊት ነው። ቀኑን ሙሉ ሌላ ምን ታያለች? አንድ አዝራር ስጣት።»

የባለቤቱ እናት ምድር ቤት ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን በሙሉ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህም በራቸው ሲንኳኳ «ሃሎ!» ነው የሚሉት፤ ስለዚህ ሕንፃው ውስጥ እትዬ ሃሎ ይባላሉ። በሥራ ዘመናቸው ያ ሁሉ ሰው በእሳቸው በኩል ካልሆነ አይገናኝም ነበር። አሁን ስልካቸው የሚጮኸው ልጃቸው ከአሥረኛ ፎቅ «እማ፣ መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ስትል ብቻ ነው። በራቸውን ገርበብ አድርገው ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። እኛ ደግሞ «እንደምን ዋሉ» የምትለዋን ሳንጨርስ አሳንሰሩ ውስጥ እንገባለን።

ገጹ እንደተባለው በግማሽ ቀን አለቀ። ነጭ ነው። ከላይ «አሳንሰሩ ይሠራል ወይ?» ይላል። ከሥሩ አንድ ትልቅ ክብ፤ ሲሠራ አረንጓዴ፣ ሲቆም ቀይ። ከክቡ በታች ደግሞ እትዬ ሃሎ ቃል መጻፍ የሚችሉባት ጠባብ ቦታ ነበረች። እሷን ለሙከራ ብሎ ያስገባት ናት፤ ማውጣቱን ረሳው።

ክቡ ከመሐል ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል። ነጥብ ዘጠኝ ይህን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «ነገ አስተካክዬ...»

ባለቤቱ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በማግስቱ ይዛው ሥራ ሄደች። የገጹን አድራሻ የያዘውን፣ ስልክ የሚያነበውን ባለ ነጠብጣብ አራት ማዕዘን ግን ከመሄዷ በፊት አሳትማ የአሳንሰሩ በር አጠገብ ለጥፋዋለች። የላፕቶፑ ባትሪ አለቀ። ክቡም እንደተንጋደደ ወደ ሰው ወጣ። ነጥብ ዘጠኝ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ምርት ያወጣው እንዲህ ሆኖ፣ መብራት ያጣ ላፕቶፕ ታቅፎ ነው።

ያን ቀን ሰው በወረቀቱ ፊት ሲያልፍ ለማየት ደረጃው ላይ ተደብቆ ነበር፤ እኔ ነኝ ያገኘሁት።

«ምን ትሠራለህ?» አልኩት።

«ክቡ እንደተንጋደደ ያስታውቃል?»

ስልኬን አውጥቼ አየሁት። ክቡን ልብ ያልኩት በኋላ ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት ከሥሩ ያለውን ነው። «ሃሎ። አሳንሰሩ ቆሟል። ጠጋኙ መጥቷል፤ እያየው ነው እንጂ አልነካውም» ይላል። ብቻዬን ሣቅሁ። ነጥብ ዘጠኝ በክቡ የሣቅሁ መስሎት አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሕንፃው በሙሉ ያንን ገጽ የሚከፍት ሆነ። እትዬ ሃሎ አዝራሩን ብቻ ተጭነው የሚበቃቸው ሰው አልነበሩም። «ሃሎ። ይሠራል፤ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ሳታዙት ይቆማል፤ ታገሡት።» «ሃሎ። ቆሟል። ሦስተኛ ፎቅ ያላችሁ፣ ጃንጥላችሁን እኔ ጋ ረስታችኋል።» «ሃሎ። ይሠራል። የስምንተኛ ፎቅ ሙሽሮች፣ አልጋችሁ መጥቷል፤ በደረጃው እንደማያልፍ ነግሬያቸዋለሁ፤ ተከራክረዋል፤ አሁን ሁለተኛው ላይ ተሰንቅሯል።» እኔ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ ጥያቄ ሲሠሩ ጠረጴዛ ሥር ስልኬን እከፍታለሁ፤ ስድስት ፎቅ መውጣቱ አስጨንቆኝ እንዳይመስላችሁ።

ሰውም በራቸው ላይ መቆም ጀመረ። አሳንሰሩ ቀይ በሆነ ቀን ዕቃውን እሳቸው ጋ አስቀምጦ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ነው የሚወጣው። እትዬ ሃሎ ተጨማሪ ወንበሮች አወጡ። ሻሽ የማይቀይሩ የነበሩ ሴትዮ በየቀኑ አዲስ ሻሽ ማሰር ጀመሩ።

ነጥብ ዘጠኝ ደግሞ አብዷል ማለት ይቻላል። ስንት ሰው ገጹን እንደከፈተ የሚያሳየውን ቁጥር እያየ ነው ቁርሱን የሚበላው። «ተጠቃሚ!» ይለኛል ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ፣ ስሜን የረሳው ይመስል።

ክፉ ነገር የመጣው ከጥሩ ነገር ነው። የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ አንደኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። አሳንሰሩ መኖሩን የሚያውቀው በስብሰባ አጀንዳ ብቻ ነው፤ ጥያቄው በተነሣ ቁጥር «እየተጠና ነው» ይላል። አንድ ቀን ባዶ ቤት ሊከራዩ የመጡ ሰዎች በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አይተው ስልካቸውን ወደሱ አቀኑ። ገጹ ቀይ ነበር። ከሥሩ «ሃሎ። ቆሟል። ሰብሳቢው ጉዳዩን እያጠኑት ነው፤ ፈተናው መቼ እንደሆነ አልነገሩንም» ይላል። ሰዎቹ ተያዩ፤ ተሣሣቁ፤ ሄዱ። ሰብሳቢው አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ፊቱ ከክቡ ይበልጥ ቀላ ይባላል።

ብዙም ሳይቆይ የአሳንሰሩ ሞተር ተቀየረ። በሩም፣ ገመዱም፣ መብራቱም ተቀየረ። አሁን ስትጠሩት ይመጣል፣ ስታዙት ይሄዳል። ክቡ አረንጓዴ ሆነ፤ በማግስቱም አረንጓዴ፣ ከዚያ በኋላም አረንጓዴ። ሰው ደስ አለው፤ ገጹንም ተወው። የሚሠራ አሳንሰር ይሠራል ወይ ብሎ ማን ይጠይቃል?

ነጥብ ዘጠኝ ቁርሱ አልወርድ አለው። ባለቤቱ እንደነገረችኝ፣ አንድ ጠዋት ሹካውን አስቀምጦ «ምርቴ ሞተ» አላት።

«ምን ገደለው?»

«አሳንሰሩ ተሠራ።»

እሷም ዳቦዋን እንደያዘች ትንሽ አሰበች። «እንኳን ደስ ያለህ ልበልህ ወይስ ነፍስ ይማር?»

እሱ ተነሣና መኝታ ቤት ገብቶ አዲስ የቀለም ወረቀት ፈታ። አንዱ ላይ «የሴንሰር ጉዳይ» ብሎ ሲጽፍ አየችው። ቆሽቷ አረረ፤ ግን ሥራ ረፍዶባት ነበርና ወጣች።

በዚያው ሰሞን ነው ያ ቀን የመጣው። ጠዋት ከቤት ስወጣ አሳንሰሩ ደህና ነበር፤ በእሱ ነው የወረድኩት። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ጎረቤት ነው የላከልኝ። ገጹን ከፈትኩ። ቀይ! «ሃሎ። ዛሬ ቆሟል። ቀስ እያላችሁ ውጡ። የደከመው እኔ ጋ ወንበር አለ።»

ሕንፃው ስደርስ እትዬ ሃሎ ጋ ቤቱ ሞልቷል። ወንበር ያልደረሰው ቆሟል። ሣቅ እስከ ውጭ ይሰማል። እኔም ገብቼ አንድ ሻይ ጠጣሁ፤ ስለ ስምንተኛ ፎቅ ሙሽሮች አልጋ የሚባለውን ሰማሁ፤ ከዚያ ልወጣ ተነሣሁ። አሁን የምነግራችሁ ነገር ለተማሪዎቼ እንዳይደርስ። የአሳንሰሩ በር ተከፍቶ ነበር። ውስጡ መብራት አለ። ባዶ ነው። ቆሜ አየሁት። ስልኬን አየሁ። ቀይ ነው። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩና በደረጃው ወጣሁ። ልጆቹን ዓመቱን ሙሉ «ማስረጃ! ማስረጃ አምጡ!» እያልኩ የማስጨንቅ እኔ ነኝ።

ብቻዬን ደግሞ አልነበርኩም። ደረጃው ገበያ መስሏል። ሦስተኛው ላይ ሰብሳቢው ሲወጣ አገኘሁት፤ እያለከለከ ነው። አንደኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ወዴት እንደሚሄድ ብጠይቀው፣ ጠጋኞቹን ላናግር ወደ ጣራው ክፍል እየወጣሁ ነው አለኝ።

«በሩ ክፍት ነበር እኮ» አልኩት።

«እሱ ነው አደገኛው» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «ክፍት ሆኖ ሲቆም ነው የሚያስፈራ።»

ነጥብ ዘጠኝ ከላይ እየሮጠ ሲወርድ አምስተኛው ፎቅ ላይ ተገናኘን። ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራል። «ቁጥሩን አይተኸዋል? ሁሉም ከፍተውታል! በአንድ ቀን! ሁሉም!» አለኝ። ሞተሩ አዲስ መሆኑ፣ ባለቤቱ በዚሁ ደረጃ ልትወጣ መሆኑ ጨርሶ ትዝ አላለውም።

ነጥብ ዘጠኝ መጥሪያውን ሳያውቅ ተደግፎት ኖሮ፣ ይህንን እየተነጋገርን ሳለ ከጎናችን የአሳንሰሩ በር ተከፈተ። አሥራ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ሹፌር ጋዜጣ በብብታቸው ይዘው ቆመዋል። እሳቸው ያቺን ቁልፍ ያላት አሮጌ ስልክ ነው የሚይዙት፤ ከመደወል በቀር የምትችለው የላትም።

«ምነው ልጆች፣ ሁላችሁም በእግር?» አሉ። «ስፖርት ተጀመረ እንዴ?»

«አሳንሰሩ ተበላሽቶ ነው አባባ» አለ ነጥብ ዘጠኝ።

ሽማግሌው የቆሙበትን ወለል አዩ፤ ጣሪያውን አዩ፤ እኛን አዩ። «በምን የመጣሁ መሰለህ?»

ነጥብ ዘጠኝ ስልኩን አወጣና ገጹን አሳያቸው። እኔ ምስክር ነኝ። አሳንሰሩ ውስጥ ለቆመ ሰው፣ አሳንሰሩ እንደማይሠራ በስልክ አሳየ። «ይኸው፣ ቀይ ነው።»

«እንግዲያው ለእሱ ንገረው» አሉ ሽማግሌው፤ በሩ ተዘጋና ወረዱ።

ለነጥብ ዘጠኝ ቀጥሎ የመጣለት ሐሳብ ኮዱ ውስጥ ስሕተት አለ የሚል ነበር። ተመልሶ አሥረኛ ፎቅ ወጣ፤ በእግሩ፣ ልማድ ሆኖበት መሰለኝ። ያቺን ጭራሽ ኮድ ለመባል የማትበቃ ገጽ ከላይ እስከ ታች መረመራት። እንከን የለባትም። ክቡ ቀይ የሚሆነው አዝራሩ ሲነካ ብቻ ነው። አዝራሩ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ጋ ነው።

እንግዶቹ እስኪበተኑ ጠብቆ አማቱ ጋ ገባ። እትዬ ሃሎ ብርጭቆ እያጠቡ ነበር።

«እማማ፣ አሳንሰሩ እኮ ደህና ነው።»

«አዎ» አሉ ሳይዞሩ። «አዲሱ ሞተር ጥሩ ነው።»

«ታዲያ አዝራሩን...?»

«በስሕተት ነካሁት።»

እሳቸው አንዱን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ አጠቡት።

«በስሕተት አይደለም» አሉ በመጨረሻ። እጃቸውን አድርቀው መጥተው ተቀመጡ። «ልጄ፣ አሳንሰሩ ሲበላሽ እኔ ሰው ነበርኩ። ሲሠራ ሁሉም እየበረረ ያልፈኛል። ከተሠራ ወዲህ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ የለም። አንተ ራስህ መቼ ነው ገብተህ የጠየቅኸኝ?»

ነጥብ ዘጠኝ ግን የሙያ ሰው ነው። ስለ መረጃ ትክክለኛነት፣ ስለ ተጠቃሚ አመኔታ መናገር ጀመረ። እሳቸው አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጡትና ሲጨርስ «ስንት ሰው አየው?» አሉት።

«ሁሉም» አለ፤ ፈገግታውን ሊደብቀው ቢሞክርም አልቻለም። ሰው ሥራዬን ያይብኛል ብሎ ዕድሜውን የፈራ ሰው፣ ሕንፃ ሙሉ ሕዝብ ከገዛ ዓይኑ ይልቅ እሱን ሲያምን አይቷል። በዚህ መኩራት ነውር እንደሆነ ያውቃል። ኮራ እንጂ።

ባለቤቱ ከሥራ ስትመለስ ሁለቱን ሲከራከሩ አገኘቻቸው። እሱ «የቴክኒክ ችግር ነበር፤ ተስተካክሏል» እንበል ይላል። እትዬ ሃሎ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። መነጽራቸውን አድርገው፣ በአንድ ጣታቸው ፊደል እየለቀሙ ጻፉ። «ሃሎ። አሳንሰሩ ይሠራል። ቅድምም ይሠራ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰው ናፍቆኝ ነው። እግራችሁን ስላደከምኩት ይቅርታ።» ክቡንም አረንጓዴ አደረጉት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሁሉም አልተደሰተም። ሰብሳቢው ጣራ ድረስ ወጥቶ ጠጋኝ ሲፈልግ ቆይቷልና ደሙ ፈላ፤ ስብሰባ ይጠራ አለ። ዘጠነኛ ፎቅ ያሉ አንዲት እመቤት ጉልበታቸውን እያሹ ለአንድ ወር ያህል ሰላምታ ነፈጓቸው። ሌላው ሰው ግን በማግስቱ አሳንሰሩን ከመጥራቱ በፊት አንገቱን ወደ እትዬ ሃሎ በር አስገባ። እኔም ገባሁ። አሳፍሮኝ ነበር፤ ስለ ደረጃው ሳይሆን ስለዚያ «እንደምን ዋሉ» ስለሚለው ግማሽ ሰላምታዬ።

ገጹን የቀየረችው ባለቤቱ ናት። መኝታ ቤት ገብታ አዳዲሶቹን ወረቀቶች እያየች «ሰው የሚከፍተው ለክቡ ነው እንዴ?» አለችው።

«ለምን ታዲያ?»

«አንተ ለምን ነው የምትከፍተው?»

«ለቁጥሩ።»

«ከአንተ በቀር ያለው ሰው እናቴ ምን አለች ብሎ ነው የሚከፍተው። ክቡን አውጣው። ጽሑፉን ተወው። ሰው የሚመልስበት ቦታ ጨምር። ሌላ ምንም እንዳትነካ።»

ክቡን ማውጣት ለእሱ ከባድ ነበር፤ በመጨረሻ መሐል ላይ አስተካክሎት ነበርና። አወጣው። አሁን ገጹ ላይ እትዬ ሃሎ ይጽፋሉ፤ ሕንፃው ይመልሳል። መሰርሰሪያ የሚዋስ፣ ልጅ ለአንድ ሰዓት የሚያስጠብቅ፣ የጎረቤቱን ቴሌቪዥን ድምፅ የሚያማርር፣ ሁሉም እዚያ ነው። «ሃሎ። ስድስተኛ ፎቅ መምህር፣ ተማሪዎችህን በር ላይ አታስጠብቃቸው፤ ሁለቱ እኔ ጋ ናቸው፤ አንደኛው የቤት ሥራውን አልሠራም።» ነገሩ በአንድ ሳምንት የኮሚቴውን ማስታወቂያ ሰሌዳ ከጥቅም ውጭ አደረገው።

ወሬው ማዶ ወዳለው ሕንፃ ደረሰ። የዚያኛው ኮሚቴ ነጥብ ዘጠኝን ጠርቶ «ለእኛም ሥራልን» አለው። እሱም ድሮ እንደሚያደርገው ዓመት ሙሉ ከማሰብ ይልቅ፣ የተሠራውን ገልብጦ ሰጣቸው። የጎደላቸው የሚጽፍ ሰው ብቻ ነበር። እነሱ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንድ የቀድሞ የስታዲየም ማስታወቂያ ተናጋሪ መረጡ። ሰውየው ድምፃቸው ያማረ፣ አነጋገራቸው የተከበረ ነው። የመጀመሪያ ቀን «ክቡራን የሕንፃው ነዋሪዎች፣ ከሁሉ አስቀድሞ» ብለው ጀመሩ፤ ስለ ውሃ መቋረጥ ሊነግሩ ነበር፤ ወደ ውሃው ሳይደርሱ የመጻፊያው ቦታ አለቀ። በሁለተኛው ቀን ስለ ንጽሕና ክብር ጻፉ። በሦስተኛው ቀን የሚያነብ አልነበረም። ሳምንቱ ሲያልቅ ኮሚቴው ራሱ አድራሻውን ረስቶታል፤ ነጥብ ዘጠኝ ገጹን ዘጋው።

ያን ዕለት ወደ ቤት ሲመለስ ባለቤቱ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ነበር።

«እንዴት ሆነ?»

«ወደቀ» አለና ሣቀ። «ድምጥማጡ ጠፋ። አንድ ሰው እንኳ አልቀረም።»

«ታዲያ ምን ያስቅሃል?»

«በአንድ ሳምንት ነው የወደቀው እኮ! እንደ በፊቱ ቢሆን ይህንኑ ለማወቅ ሦስት ዓመት ይፈጅብኝ ነበር።»

እግሯን ሰበሰበችለትና አጠገቧ ተቀመጠ። ቀጥሎ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ስለሚደረገው የወላጆች ስብሰባ የሆነ ሐሳብ እንዳለው ጀመረላት። ወረቀት ግን አላነሣም፤ ትንሽ ቆይቶ ስልክ የደወለው ለእኔ ነው። «በስብሰባው ወላጆች የሚያማርሩት አንድ ነገር ምንድን ነው? አንድ ብቻ ንገረኝ» አለኝ። ነገርኩት፤ አመሰግናለሁ እንኳ ሳይል ሊሠራው ዘጋብኝ።